ጉልበቱን የሚያመው ገበሬ የትኛው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያለው ትራክተር ይግዛ?

ጥያቄ፦ «የማርሰው አዳማ ዙሪያ ነው። 14 ሄክታር ስንዴና ጤፍ አለኝ፤ አብዛኛው መሬት ኮትቻ (ጥቁር ከባድ አፈር) ነው። መልካሳ በኩል አዋሽ ዳር ደግሞ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የማለማበት ሄክታር ተኩል አለኝ። በወቅቱ ለጎረቤትም በኪራይ አርሳለሁ። ዕድሜዬ 53 ነው። ትራክተሩን የምነዳው ራሴ ነኝ። አሁን ያለኝ አሮጌ ባለ 8 ማርሽ ነው። ማታ ስወርድ የግራ ጉልበቴ አልታጠፍ ይለኛል። ስለዚህ ልቀይረው ነው። ሁለት አማራጭ አግኝቻለሁ። አንዱ ያገለገለ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሃይድሮስታቲክ ነው። ‹አውቶማቲክ ነው፣ ፍሪሲዮን አያስቸግርህም፣ ሁሉም በፔዳል ነው› ይሉኛል። ሌላው 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 12 ማርሽ ነው፤ መሪው ሥር የፊትና የኋላ መቀየሪያ ዘንግ አለው። ምቾት ያለው የትኛው ነው? የሃይድሮስታቲኩ ፔዳል አንድ መሆኑና ሁለት መሆኑስ ለውጥ አለው?»

ምላሽ፦

ባለ 40ውን ይተዉት። ሃይድሮስታቲክ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለእርስዎ ሥራ ስላልተሠራ ነው። ባለ 80ውም ቢሆን «ዘንግ አለው» ስለተባለ ብቻ አይገዛም። መሪ ሥር ያለው ዘንግ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው ጉልበትዎን በእርግጥ ያሳርፋል። ሌላው ግን ለግራ እግር ከአሮጌው ትራክተርዎ ብዙም አይሻልም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሻጮችም ብዙ ጊዜ አይለዩዋቸውም።

መጀመሪያ ጉልበትዎን የሚጎዳው ምን እንደሆነ እንለይ። ብዙ ሰው ወንበሩን ይከሳል። መጥፎ ወንበር ይበልጥ የሚጎዳው ወገብን ነው። የግራ ጉልበትን የሚፈጀው ፍሪሲዮን ነው፤ በግራ እግር የሚረገጠው፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየው። ያውም የፔዳሉ መክበድ ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲያርሱ በደቂቃ 100 ሜትር ይሄዳሉ። ማሳው 200 ሜትር ርዝመት ካለው በ2 ደቂቃ ጫፍ ይደርሳሉ። ለመዞር ግማሽ ደቂቃ ይጨምሩ። በሰዓት 24 ጊዜ ይዞራሉ ማለት ነው። ጫፍ ላይ ለማቆም፣ ወደ ኋላ ለማለት፣ እንደገና ወደ ፊት ለመሄድ ፍሪሲዮኑን 3 ጊዜ ይረግጣሉ እንበል። በ8 ሰዓት ሥራ ከ570 ጊዜ በላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ ማሳ እንሂድ። መስመሩ 50 ሜትር ቢሆን ግማሽ ደቂቃ ይሄዳሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ይዞራሉ። በሰዓት 60 መዞሪያ። በ3 ሰዓት ውስጥ 540 ጊዜ ረገጡ ማለት ነው። ያችን ሄክታር ተኩል ያረሱ ዕለት ጉልበትዎ ከሌላው ቀን ብሶ ቢያድር አይገርመኝም። እግረ መንገዴን ልበልና፣ ኩታ ገጠም እርሻ ለሹፌር እግርም ይበጃል። ማሳው ሲያያዝ መስመሩ ይረዝማል፣ መዞሪያው ይቀንሳል። ኪራይ ሲነጋገሩም ሄክታሩን ብቻ አይቁጠሩ፤ የማሳውን ቅርፅ ሄደው ይዩ። ቁርጥራጭ ማሳ ነዳጁንም እግሩንም ይበላል።

ስለዚህ የሚፈልጉት «ፍሪሲዮን የሌለው» ትራክተር አይደለም። የፊትና የኋላ ቅያሪውን ከእግርዎ ላይ የሚያነሳልዎ ትራክተር ነው። ይህን ይዘን ሁለቱን አማራጮች እንያቸው።

ሃይድሮስታቲክን «አውቶማቲክ» ማለት ያሳስታል። እንደ መኪና አውቶማቲክ ማርሽ እየመረጠ የሚቀያይር አይደለም። ሞተሩ አንድ የዘይት ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ በከፍተኛ ግፊት ዘይት ይልካል። ዘይቱ የሃይድሮሊክ ሞተር ያዞራል፤ ያ ነው ጎማውን የሚነዳው። ፔዳሉ የሚያዘው ፓምፑ ምን ያህል ዘይት፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚልክ ነው። ስለዚህ ከዜሮ ጀምሮ ያለ ምንም ቅያሪ ይፈጥናል። እግር ሲነሳ ራሱ ፍጥነቱን ገድቦ ይቆማል። ወደ ኋላ ለመሄድም ፔዳሉን ወደ ሌላው አቅጣጫ መርገጥ ብቻ ነው። የሞተሩ ዙር ሳይለወጥ ፍጥነቱን መቀያየር ይቻላል። ለምቾት ከተባለ በዚህ በኩል የሚስተካከለው የለም።

ችግሩ ጉተታ ላይ ነው። ኃይል በዘይት ሲተላለፍ በጥርስ ከሚተላለፈው የበለጠ ይባክናል። የባከነው ሙቀት ይሆናል። ሣር ሲያጭዱ፣ ፍግ ሲጭኑ፣ ቀላል ተሳቢ ሲጎትቱ ይህ አይታወቅዎትም። ኮትቻ ላይ ዲስክ ማረሻ ሰክተው ቀኑን ሙሉ ሲጎትቱ ግን ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። በዚያ ላይ የአዳማ አቧራና ንፋስ አለ። የዘይት ማቀዝቀዣው አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩ ፊት ነው። ገለባና አቧራ ሲደፍነው ሙቀቱ ይብሳል።

ከፍታውንም አይርሱ። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። እዚህ ሲደርስ 15 በመቶ ያህሉ ሄዷል። 40 የተባለው 34 ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ የሃይድሮስታቲኩ ብክነት ገና አልተቀነሰም። ባለ 3 ዲስክ ማረሻ ከባድ አፈር ላይ ለመጎተት የተለመደው 75 እና ከዚያ በላይ ነው። የኪራይ ሥራዎን በ40 አይሠሩትም። ቢሠሩት እንኳ በእጥፍ ሰዓት ነው። እጥፍ ሰዓት መቀመጥ ደግሞ ለጉልበትም ለወገብም ምቾት አይባልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት ወደፊት ለሌላ ሥራ ሃይድሮስታቲክ ቢነዱ ይጠቅምዎታል። ሲከብደው ፔዳሉን አብልጦ መርገጥ ስህተት ነው። ከመኪና የመጣ ሹፌር ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። እዚህ ግን ብዙ ሲረገጥ ፍጥነት እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ጉልበት የሚገኘው ፔዳሉን ለቀቅ ሲያደርጉ ነው። ዝቅተኛውን ርከን (የፍጥነት ክልል) መርጦ፣ የሞተሩን ዙር በእጅ ማስተካከያው ከፍ አድርጎ፣ እግርን አለስልሶ መያዝ።

አንድ ፔዳል ወይስ ሁለት ላሉት፣ አዎ፣ ለውጥ አለው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው መሐሉ ላይ የሚወዛወዝ ረጅም ፔዳል ነው። በጣት በኩል ሲጫኑት ወደ ፊት፣ በተረከዝ ሲጫኑት ወደ ኋላ ይሄዳል። እግር ከአንድ ቦታ አይነሳም። ነገር ግን ተረከዝዎ መሬት አያርፍም፤ ፔዳሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። መሬቱ ጎርበጥባጣ ሲሆን እግርዎ አብሮ ይነጥራል፣ ትራክተሩም ይንገጫገጫል። ጭቃ የያዘ ቦቲ ከተጫሙ ተረከዙን በትክክል ማሳረፍ ራሱ ሥራ ነው። ሁለተኛው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፔዳሎች ናቸው። አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ተረከዝ ወለል ላይ ያርፍና ጣትዎ ብቻ ይዞራል። ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ሰው እኔ ይህን እመርጣለሁ። ቁርጭምጭሚት አይደክምም፣ ፊትና ኋላም አይምታታም። እግር ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ጭነት ሲያነሱና ሲያወርዱ የሚውሉ ሰዎች በዚህ ምክንያት የሚወዛወዘውን ይወዱታል።

በሁለቱም በኩል ግን አንድ እውነት አለ። ሸክሙ ከግራ ጉልበት ወደ ቀኝ ቁርጭምጭሚት ዞረ እንጂ አልጠፋም። ፍጥነቱን የሚይዝ ማገቻ ከሌለው ቀኝ እግርዎ ቀኑን ሙሉ እንደተጫነ ይውላል። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ፍሬኑ ራሱ በግራ ነው፤ ያመመዎት እግር ሥራ አልፈታም ማለት ነው። ሃይድሮስታቲክ የሚያምርበት ቦታ አለ። ባቱ በኩል ያሉት የአበባና የአትክልት እርሻዎች ውስጥ፣ ግሪን ሃውስ መሐል ለመመላለስ፣ ከብት ርባታ ግቢ ውስጥ መኖ ለማቅረብ። ሥራዎ ሄክታር ተኩሏ ብቻ ብትሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ 80ው። መሪው ሥር ያለው ዘንግ ወይ ሲንክሮ ሸትል ነው፣ ወይ ፓወር ሸትል።

ሲንክሮ ሸትል መካኒካል ነው። ዘንጉ የፊትና የኋላ ማርሽ ይቀይራል፤ ግን እንደማንኛውም ማርሽ ፍሪሲዮን መርገጥ ያስፈልጋል። ትራክተሩም ሊቆም መቃረብ አለበት። እየሄዱ ከጎተቱት የሲንክሮናይዘሩን (ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚያደርገውን) ቀለበት ይበሉታል። ጥቅሙ አለው። የማርሽ ዘንግ እግር መሐል መፈለግ ይቀራል፣ የፊትና የኋላ ፍጥነትዎ ተቀራራቢ ይሆናል። የርግጫው ቁጥር ግን ብዙ አይቀንስም።

ፓወር ሸትል ሌላ ነገር ነው። ካምቢዮው ውስጥ በዘይት የሚነከሩ ሁለት የፍሪሲዮን ጥቅሎች አሉ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ዘንጉን በጣትዎ ሲያንቀሳቅሱ የዘይት ግፊት አንዱን ለቆ ሌላውን ይይዛል። እግር አይነካም። በእያንዳንዱ መዞሪያ የነበሩት 3 ርግጫዎች ወደ ዜሮ ይጠጋሉ ማለት ነው። ፔዳሉ ግን አልጠፋም። ለማስነሳት፣ ዋናውን ማርሽ ወይም ርከኑን ለመቀየር፣ ማረሻ ለመሰካት በቀስታ ወደ ኋላ ሲጠጉ፣ በአደጋ ጊዜም ይፈለጋል። «ፓወር ሸትል ፍሪሲዮን የለውም» የሚልዎት ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሊሸጥልዎ ቸኩሏል።

እንዴት ይለያሉ? የፓወር ሸትል ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ወደ ራስ ሳብ ወይም ከፍ አድርገው ነው ከፍሪ የሚያወጡት። ብዙዎቹ ላይ ከመሪው ሥር ወደ ካምቢዮው የሚወርደው የኤሌክትሪክ ገመድ እንጂ የተያያዘ የብረት ዘንግ አይደለም። የሲንክሮ ሸትሉን ሲያንቀሳቅሱ የጥርስ መግባት በእጅዎ ይሰማዎታል። በግምት ግን አይወስኑ። መጨረሻ የሚያምኑት የትራክተሩን መመሪያ መጽሐፍና የሞዴሉን ዝርዝር ነው። አንድ ሞዴል በሁለቱም ዓይነት ሊመጣ ስለሚችል የሞተር ኮፈኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ አይበቃም። ለመለየት ብለው ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ዘንጉን እንዳይገፉት። ሲንክሮ ከሆነ በሰው ንብረት ላይ ጥርስ ፈጩ ማለት ነው።

ፓወር ሸትል ገደብ አለው፤ ሳያውቁት የሚጎዳዎትም እዚህ ላይ ነው። ባትሪ ሲሞት ገፍተው ወይም አስጎትተው አያስነሱትም። ሞተሩ ካልዞረ የዘይት ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ጥቅሎቹ አይይዙም። በገፉት ቁጥር ጎማው ዝም ብሎ ይዞራል። ሃይድሮስታቲክም በዚህ አንድ ነው። ስለዚህ ደህና ባትሪና ደህና ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ግዴታ ነው። በዚሁ ምክንያት ሞተሩን አጥፍተው ማርሽ ውስጥ ቢተዉት ዳገት ላይ አይቆምልዎትም። አሮጌውን ትራክተርዎን አንደኛ ማርሽ አስገብተው ሲወርዱ ለምደው ይሆናል። ይህን ልማድ አዲሱ ላይ ይተዉት። የእጅ ፍሬኑን በደንብ ይሳቡ፣ የማቆሚያ መቆለፊያ ካለው ይጠቀሙበት፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ።

ዘይቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ካምቢዮው፣ ሃይድሮሊኩ፣ በዘይት ውስጥ ያለው ፍሬን፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት። ያ ዘይት ለትራክተር ተብሎ የተሠራ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ያገኙትን የካምቢዮ ዘይት ቢጨምሩበት ጥቅሎቹ ይንሸራተታሉ፣ ፍሬኑ ይጮሃል። ፊልትሮውን በሰዓቱ መቀየር ነው። ጭነት የሚገለብጥ ተሳቢ ወይም ሌላ ሃይድሮሊክ ዕቃ ከሰው ተውሰው ሲሰኩ የቱቦውን ጫፍ ሳይጠርጉ አይሰኩ። የሌላው ቆሻሻ ዘይት ወደ እርስዎ ካምቢዮ የሚገባው በዚያ ነው።

ስለ ማርሽ ብዛት ብዙ አይጨነቁ። 12 ከ8 ይሻላል፤ ግን ቁጥሩ ሳይሆን የት የት እንዳሉ ነው የሚጠየቀው። የእርሻ ሥራ አብዛኛው በሰዓት ከ4 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። እዚያ መሐል 5 ወይም 6 ማርሽ ካለ የሚስማማዎትን ፍጥነት ያገኛሉ። በአሮጌው ባለ 8 ላይ አንዱ ይከብደዋል፣ ቀጣዩ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲቀያይሩ ይውላሉ። እሱም ርግጫ ነው። ያለ ፍሪሲዮን በቁልፍ ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅና ከፍ የሚል ካምቢዮ ቢያገኙ ጥሩ ነው። ኮትቻው ጠንከር ያለበት ቦታ ላይ ቁልፉን ነክተው ያልፋሉ። ማርሽ ጨርሶ የሌለው፣ ፍጥነቱን ራሱ የሚያስተካክለው ሲቪቲም አለ። የጀርመኑ ትራክተር አምራች ፌንት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ገበያ ላይ ካወጣው ወዲህ በትልልቅ ትራክተሮች ላይ ተለምዷል። ለእርስዎ አቅምና እዚህ ላለው ጋራዥ ግን ጊዜው አይደለም።

ፒቲኦውን፣ ማለትም መውቂያና መርጫ የመሳሰሉትን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ሳይጠይቁ አይውጡ። ብዙ አሮጌ ትራክተሮች ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን አላቸው። ግማሽ ሲረገጥ ጉዞው ይቆማል፤ እስከ ታች ሲረገጥ ፒቲኦውም ይቆማል። ያ ሁለተኛው ክፍል ነው ከባዱ። መውቂያ ወይም የመድኃኒት መርጫ ሲያሠሩ ጉልበትዎን የሚጨርሰውም እሱ ነው። የሚገዙት ትራክተር ፒቲኦው ራሱን የቻለ፣ በእጅ ዘንግ ወይም በቁልፍ የሚገባና የሚወጣ ይሁን። ከፓወር ሸትሉ ቀጥሎ ለግራ እግርዎ ትልቁ እፎይታ ይህ ነው።

አቀማመጡም ይቆጠራል። አሮጌዎቹ ላይ ካምቢዮው እግር መሐል ነው፤ እንደ ፈረስ ተፈናጠው ይቀመጣሉ። መውጣቱና መውረዱ በራሱ ጉልበት ይፈትናል። የካምቢዮው ሙቀትም እግር ላይ ነው፤ በአዳማ ፀሐይ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል። ወለሉ ዝርግ የሆነ፣ የማርሽ ዘንጎቹ በቀኝ ጎን የሆኑ፣ ፔዳሎቹ ከወለል የሚበቅሉ ሳይሆን ከላይ የሚንጠለጠሉ ቢሆን ይመረጣል። ወንበሩን ሲያስተካክሉ መለኪያው ይህ ነው፦ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጠውት ጉልበትዎ ትንሽ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት። ጨርሶ ከተዘረጋ ወንበሩ ርቋል። ዳሌዎ ከወንበሩ እየተነሳ ከረገጡም እንዲሁ። የፍሪሲዮኑ ማስተላለፊያ በዘይት የሚሠራ ከሆነ በብረት ዘንግ ከሚሠራው ይለሰልሳል።

ብየዳ ቤት ሄደው የፔዳሉን ክንድ ማስረዘም ያስቡ ይሆናል። አያድርጉት። ክንዱ ሲረዝም ርግጫው ይቀላል፣ እውነት ነው። ግን እግርዎ የሚሄድበት ርቀት ያው ስለሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ማርሹ እየተንጫጫ ይገባል፣ ሸራውም (የፍሪሲዮኑ ተፋትጎ የሚይዝ ክፍል) ቶሎ ያልቃል። ትራክተር ላይ የፍሪሲዮን ሸራ ለመቀየር ትራክተሩ ከመሐል ለሁለት ይከፈላል። በሥራ ወቅት ያ ምን ማለት እንደሆነ ልነግርዎ አያሻም። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳትም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ ሸራው ይሄዳል።

ከምቾት የሚቀድሙ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የቀኝና የግራ ፍሬን ፔዳሎች ማሳ ውስጥ ለመዞር ይነጠላሉ፤ አስፋልት ላይ ሲወጡ ግን መያዣቸው መግባት አለበት። በፍጥነት እየሄዱ አንዱን ብቻ ቢረግጡ ትራክተሩ በአንድ ጎን ተጎትቶ ይገለበጣል። ሁለተኛው ቁልቁለት ነው። ከኢተያ ወደ ዴራ ተሳቢ ጭነው ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ፍሪ አያድርጉ፣ ፍሪሲዮንም ረግጠው አይልቀቁ። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱት። ከጀመሩ በኋላ ማርሽ ለመቀየር መሞከር ዘግይቷል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ባለ 80ው ፓወር ሸትል ከሆነ፣ ፒቲኦውም ራሱን የቻለ ከሆነ ይግዙት። ሲንክሮ ሸትል ከሆነ ሁለተኛ ምርጫዎ ነው። ያኔ ግን ፍሪሲዮኑ በዘይት የሚረገጥ፣ ወለሉ ዝርግ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለሽንኩርቱ ማሳም ቀኑን ከፍለው ያርሱ ወይም ሌላ ሹፌር ያስገቡ። ጉልበቱንም ሐኪም ይየው። በሁለት ሰዓት ሥራ የሚያብጥ ከሆነ የትኛውም ካምቢዮ አያድነውም።

ሲሞክሩ ቀዝቃዛውን አይሞክሩ። የካምቢዮ በሽታ ዘይቱ ሲሞቅ ነው የሚወጣው። ሻጩ ማረሻ ሰክቶ ኮትቻ ላይ አንድ ሰዓት ያሠራዎት። ከዚያ በኋላ ዝርግ ቦታ ላይ፣ ዙሩን ዝቅ አድርገው ዘንጉን ፊትና ኋላ ደጋግመው ይቀያይሩ። ከሞቀ በኋላ ለመያዝ እየዘገየ ከሄደ፣ ወይም አንዱ አቅጣጫ ከሌላው የሚለይ ከሆነ፣ ጥቅሉ ወይም ግፊቱ ችግር አለበት። በድንገት ፈንጥሮ የሚይዝም ጥሩ ምልክት አይደለም። የዘይቱን መለኪያ አውጥተው ይዩ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የተቃጠለ ከሸተተ ተንሸራቷል። ሲንክሮ ሸትል ከሆነ ደግሞ ሸራውን ይፈትኑ። ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ሰው ሳይኖር፣ ፍሬን ይዘው ከፍ ባለ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ እያጓራ ከቀጠለ ሸራው አልቋል። አንዴ ብቻ ያድርጉት።

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የፊልትሮውን ቁጥርና የዘይቱን ዓይነት ከመመሪያው ላይ ጽፈው አዳማ ያሉትን መለዋወጫ ሱቆች ይዙሩ። ፓወር ሸትል ከፍቶ የገጠመ ሜካኒክም ይፈልጉ። «እሠራዋለሁ» የሚል አይበቃም፤ የሠራውን ትራክተር ያሳይዎት። ፊልትሮው ከሌለ ወይም ሜካኒኩ ከጠፋ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ይተዉትና ወደ ሲንክሮ ሸትሉ ይሂዱ።